ገመድ ሳይቆጥር የማይወጣው

ልጄ ዋቅቶላ የመብራት መስመር ሠራተኛ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. እናቱ ባረፈችበት ቀን ፖል ሥር ቆሞ ገመድ ሲቆጥር ያዩት የሰፈራችን ሰዎች «እናቱ ትንፋሽ አጥሯት እሱ ገመድ ይቆጥራል» ብለው ተናገሩ። እስከ ዛሬም የሚሉ አሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ያዩትን ነው የሚያወሩት። ቤት ውስጥ የነበርነው ግን ባለቤቴ ሲንቄና እኔ ብቻ ነን። እሷ የለችም፤ ስለዚህ እኔ ልናገር።

የተወለደው እጃጂ ነው፣ እኔ እዚያ አስተማሪ ሳለሁ። በልጅነቱ ከእኩዮቹ የሚለይበት ነገር ቢኖር ዛፍ አወጣጡ ነበር። ጎረቤቶቻችን ቀፎ የሚሰቅሉት ረጅም ዛፍ ላይ ስለሆነ ማር የሚቆረጥበት ጊዜ ሲደርስ እሱን ይጠሩታል። ፈጣን ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ዘገምተኛ ነበር። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በእጁ ሳብ ሳብ አድርጎ ሳይሞክር እግሩን አያሳርፍበትም። ከታች የቆመው ሰውዬ «ዋቅቶ፣ እኛ እኮ ማሩን የምንፈልገው ለዘንድሮ ነው» ይለዋል። እሱ ቀጣዩን ቅርንጫፍ ሳብ ያደርጋል። ሲንቄ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። «ተዉት፣ አምሽቶም ቢሆን በእግሩ ይምጣልኝ» ትላለች።

ወደ አምቦ ከተዛወርን በኋላ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ ተማረ፤ በ2007 ተቀጠረ፤ በኋላም አግብቶ የራሱን ቤት ያዘ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንገድ ቶሎ ቶሎ የሚዘጋባቸው ዓመታት ነበሩ። መኪና ሲከለከል እሱና የሥራ ባልደረባው ሮብሳን መሰላሉን ለሁለት ተሸክመው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ሮብሳን የጊንጪ ልጅ ነው። ኦርቶዶክስ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እኛ ቤት ሲመጣ ሲንቄ ሽሮውን ለብቻ ትሠራለታለች። «አዴ ሲንቄ፣ እናንተ ጴንጤዎች እያላችሁ እኔ ጾሜን አልረሳም፤ የንስሐ አባቴ እንኳ እንዲህ አይቆጣጠሩኝም» ይላታል። እሷም «ዝም ብለህ ብላ፣ ቀልድ ጾም ያስፈታል» ትለዋለች።

መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው የሚጠይቀው እኔን ነው። «ኦቦ ተሬፋ፣ ዛሬ ደግሞ ልጅህ ምን ሆኖ ነው?» ይሉኛል፤ ልጄ መብራቱን በኪሱ ይዞት የሚዞር ይመስላቸዋል። እኔም ማታ ሲመጣ እሱን እጠይቀዋለሁ። የሚነግረኝ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ጭልሞ ጫካ ዳር ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ሽቦ ዘሎ ነው። ባኮ በኩል የእንጨት ፖል ሥሩን ምስጥ በልቶት ወድቆ ነው። የበዓል ዋዜማ ሰው ሁሉ ምድጃውን ባንዴ ሰክቶ ትራንስፎርመሩ አልችል ብሎ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ግን ባሕር ዛፍ ነው። ሰው በአጥሩ ጥግ፣ በመንገዱ ዳር፣ ሽቦ በሚያልፍበት ሁሉ ይተክለዋል። ማገር ሲሆን ቁረጡት ይባላሉ። «ቋሚ ይሁንልኝ፣ አንድ ክረምት ታገሡኝ» ይላሉ። ቋሚ ሲሆን ሽቦው ጋ ደርሷል።

አንድ ቀን «ባኮ ለወደቀ ዛፍ እኛ አምቦ ላይ ለምን እንጨልማለን?» አልኩት።

«አባ፣ አንድ ረጅም ክር ላይ ነን። መሃሉ ላይ መለያ ማጥፊያ የለም። ጫፉ ሲነካ ያለው ምርጫ ሁሉንም ማጥፋት ነው።»

ያን ማጥፊያ እንዲያስገቡ ለሁለት ዓመት ማመልከቻ ጻፈ። አማርኛውን እኔ አርምለት ነበር። በ2011 ተፈቅዶ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ በባኮ በኩል ዛፍ ሲወድቅ የሚጨልመው ያ ወገን ብቻ ሆነ። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ሥራ እሱ ነው ይላል። ማንም አላመሰገነውም፤ ሳይጠፋ የቀረ መብራት አይታይማ።

ሌላ ጊዜ አገሩ በሙሉ ባንዴ የጨለመ ዕለት ጠየቅኩት። ግንድ የሚሸከሙ ሰዎችን አስብ አለኝ። ስድስት ሆነው ይሸከማሉ። አንዱ እግሩ ይከዳውና ይለቃል። የእሱ ድርሻ አጠገቡ ባሉት ላይ ይወድቃል፤ እነሱም ከአቅማቸው በላይ ስለሚሆንባቸው ይለቃሉ፤ ከዚያ ሁሉም። «ስለዚህ አንዱ ሲለቅ ሸክሙን ወዲያው የሚቀንስ ሰው ያስፈልጋል፤ ግማሹን ግንድ ቆርጦ የሚጥል» አለ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ እንዲህ ለተማሪ የሚገባ ምሳሌ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

የገመዱ ነገር እንዲህ ነው። መብራት መጥፋት ሲበዛ አቅም ያለው ሰው ጄኔሬተር ገዛ። አገናኙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ሁለቱም ጫፉ ሹል ተሰኪ የሆነ ገመድ ያሠራሉ፤ አንዱን ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ ይሰካሉ። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ቤታቸው ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ወጥቶ ሽቦው ላይ ይሄዳል። መስመሩ ሙት ነው ብሎ የወጣ ሠራተኛ ይይዘዋል። አንድ የሥራ ጓደኛቸው እንዲህ ሆኖ ሦስት ጣቶቹን አጥቷል።

ከዚህ የሚከላከል ማሰሪያ አለ፤ ሽቦዎቹን እርስ በርስ አያይዞ ከመሬት ጋር ያገናኛል። በእነሱ ክፍል ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ራቅ ወዳለው ሥራ የሚሄደው ቡድን ጋ ነው የሚውለው። ስለዚህ ዋቅቶላ የራሱን ዘዴ አበጀ። በየመስመሩ ጄኔሬተር ያለውን ቤት ያውቃል። ከመውጣቱ በፊት ማዳበሪያ ይዞ በየቤቱ ይዞርና ገመዶቹን ይሰበስባል። ፖሉ ሥር ያስቀምጣቸዋል፤ ሮብሳን ይጠብቃቸዋል። ቁጥሩ ካልሞላ አይወጣም። መብራቱ ሲመጣ ሰው እየመጣ የየራሱን ይወስዳል። «የዋቅቶላ ምጽዋት» ይሉታል። በእኛ ሰፈር አሥራ አንድ ነበሩ። የእኔን ቤት ጄኔሬተር ኤሌክትሪኩ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በሚያደርግ መቀያየሪያ ራሱ ነው ያገናኘው፤ ቢሆንም የእኔንም ይቆጥራል።

ሲንቄ በ2013 በዚያ ወረርሽኝ ታማ ተነሣች፤ ሳንባዋ ግን አልተነሣም። ሐኪሙ ቀንና ሌሊት ኦክስጅን ያስፈልጋታል አለ። የማኅበራችን ምእመናን ተባብረው በመብራት የሚሠራ የኦክስጅን ማሽን አመጡልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ መብራት ማለት የሲንቄ ትንፋሽ ሆነ። ያለ ማሽኑ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ያህል ትችላለች፤ ከዚያ ከንፈሯ መጥቆር ይጀምራል። ለመጠባበቂያ አንድ ሲሊንደር ነበረን፤ ለሦስት ሰዓት ይበቃታል። የሚሞላው አዲስ አበባ ነው። ሲያልቅ ዋቅቶላ በሚያውቃቸው ሾፌሮች ይልከዋል።

ከማረፏ በፊት በነበረው ዓርብ በጉደር በኩል መስመር ተበጥሶ ከረፋዱ ጀምሮ መብራት አልነበረም። የእኛ ጄኔሬተር ደርቆ ቆሟል፤ ቤንዚን በጄሪካን መሸጥ ተከልክሎ ነበር። ሲሊንደሩን ከፈትንላት። ልክ ሲያልቅ መብራቱ መጣ። የተበጠሰውን የቀጠሉት እነ ዋቅቶላ ናቸው። ሲመሽ በስብሶ ወደ እኛ መጣ፤ የቀረችንን ቤንዚን አቃጥለን የዋልን መስሎት ስለ ሲሊንደሩ ሳይጠይቅ፣ እራቱንም ሳይጨርስ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ቅዳሜ ነፋስና ዝናብ ሆነ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከእኛ በላይ ካለው መታጠፊያ የአንድ ሰው ባሕር ዛፍ ሽቦው ላይ ወደቀ። ሽቦው ተበጥሶ መንገዱን ዘግቶ ተኛ። ሰፈራችን መግቢያው አንድ ነው፤ ከኋላ ያለው ወንዝ ሞልቷል። ሲንቄን ሆስፒታል እንዳላደርስ ባጃጁ ሽቦውን መሻገር አለበት፤ ሽቦው ደግሞ ኤሌክትሪክ ይኑርበት አይኑርበት የሚያውቅ የለም።

እነ ዋቅቶላ ሰባት ሰዓት ላይ ደረሱ። ትራንስፎርመሩን አጠፉ፤ ዋቅቶላ ግን ከሽቦው ወዲያ ማዶ ስለሆነ እኛ ጋ መምጣት አልቻለም። ስልክ ደወለ።

«አባ፣ ሃርሜ እንዴት ናት?» እናቱን ሃርሜ ነው የሚላት።

ሲንቄ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ድምፁን ሰምታለች። እጇን አወዛወዘችልኝ፤ እንዳትነግረው ማለቷ ነው።

«ደህና ናት» አልኩት።

«ገመድ እየሰበሰብኩ ነው። ሲሊንደሩ ሦስት ሰዓት ይበቃታል፤ እኔ ከዚያ በፊት እጨርሳለሁ። አትፍሩ።»

«እሺ» አልኩት።

ስልኩን ስዘጋ ሲንቄ «ደግ አደረግህ» አለች። ትንፋሽ ወስዳ «ከሰማ ይወጣል» አለችኝ።

ቀጥሎ ያለውን የነገረኝ ሮብሳን ነው። ሩብ ጉዳይ ለስምንት ሲሆን አሥራ አንዱም ገመድ ተሰብስቧል፤ ከሽቦው ወዲህ ያለነውን የእኛን አንድ የጎረቤት ልጅ ሰብስቦ ከሽቦው በላይ ወርውሮላቸዋል። ዋቅቶላ ማዳበሪያውን ዘርግፎ አንድ በአንድ ያያል። ሁሉንም በዓይን ያውቃቸዋል። አንዱን ብድግ አደረገ፤ ወሰኑ የሰጠው ነው። ወሰኑ ግሮሰሪ አለው፤ ቅዳሜና እሑድ በዲሽ ኳስ ያሳያል። ያን ቀን ደግሞ የእንግሊዝ ሊግ የመክፈቻ ሳምንት ነበር።

«ይሄ አቧራ ለብሷል» አለ ዋቅቶላ። «የወሰኑ ገመድ ይሄ አይደለም።»

ወሰኑን ጠሩት። ጃንጥላ ይዞ መጣ።

«ኦቦ ወሰኑ፣ ሌላውን ስጠኝ።»

«ያለኝ ያ ነው። በናቴ ስም።»

«አምና የወሰድኩት ቀይ ቴፕ ነበረው።»

«ተቃጠለ። አሁን የገመድ መርማሪ ሆንክ? ከሰርግህ ወዲህ እኮ ፈሪ ሆነሃል፤ ድሮ እንደ ጦጣ ትወጣ ነበር።»

ሊያይ ተሰብስቦ የቆመው ሰው ሳቀ። ሮብሳን ቴስተሩን መሬት የተኛው ሽቦ ላይ አስነክቶ አየ፤ አልበራም። «ዋቅቶ፣ ሙት ነው። እናትህ ማሽን ላይ ናት፤ በቃ እንውጣ» አለው።

«ቴስተሩ የሚነግረኝ የአሁኑን ነው» አለ ዋቅቶላ። «ላይ ስደርስ ያለውን አይነግረኝም። ደግሞ ሃርሜ ሲሊንደር ላይ ናት፤ ጊዜ አለኝ።»

ይህን ማለቱን ሮብሳን ሲነግረኝ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ወሰኑ ቤት ሄደው እንዲያዩ ጠየቁት፤ ጓዳው ተቆልፏል፣ ቁልፉ ሚስቴ ጋ ነው አለ። ከቆሙት አንዱ «ያንተ እናት ባትሆን ኖሮ እንዲህ ታደርግ ነበር?» አለው። ሌላው «የእሱ እናት ሆና ነው እንዲህ የሚያደርገው፣ አይገርምም?» አለ። ዋቅቶላ ማዳበሪያው አጠገብ ቆመ። ዝናቡ አላባራም።

ቤት ውስጥ ሲንቄ ከንፈሯ ጠቁሯል። መስኮቱን ከፈትኩላት። በማራገቢያ አራገብኩላት። ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሣሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ እጄን ያዘችኝ። ጉልበት ያልነበራት ሴትዮ እጄን እንዴት እንደያዘችኝ አላውቅም። መዝሙር ልበልልሽ ወይ አልኳት፤ ራሷን በእንቢታ ነቀነቀች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ጨዋታው ሊጀመር ሆነና የወሰኑ ቤት ጄኔሬተር ተነሣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፁ አልተሰማም። የታየው ሽቦው ላይ ነው። መንገዱ ላይ ያቆረው ውኃ ውስጥ የተኛው ጫፍ ተንጨረጨረ፤ በዚያ በኩል ያሉ ቤቶች አምፖሎች ደብዘዝ ብለው በሩ። የቆመው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ሩብ ጉዳይ ለስምንት ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሥራው አንድ ሰዓት የሚፈጅ ነውና፣ በዚያች ደቂቃ ያን ሽቦ በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

ሮብሳን ሮጦ ሄዶ የወሰኑን ጓዳ በትከሻው ከፈተው። ቀይ ቴፕ ያለውን ገመድ ይዞ ተመለሰ። ዋቅቶላ ገመዱን በአቧራማው ፈንታ ማዳበሪያው ውስጥ ከተተ፤ እንደገና ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቆጠረ። ሰዎች የሚያወሩት ይህን ሁለተኛውን ቆጠራ ነው። ከዚያ ወጣ።

ሲንቄ ያረፈችው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። አልተጨነቀችም ብዬ አልዋሽም፤ ግን አጭር ነበር። ዓይኗን ከደንኩላት፤ እጇን ጭኗ ላይ አደረግኩላት። ስልክ አልደወልኩም፤ እሱ ፖሉ ላይ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ መብራት መጣ። ማሽኑ በራሱ ተነሥቶ መሥራት ጀመረ፤ ቱቦው ትራሷ ላይ ይነፍስ ነበር። አጠፋሁት። ትንሽ ቆይቶ ዋቅቶላ መጣ። በሩ ላይ ሆኖ «ሃርሜ፣ መጣ አይደል?» አለ፤ መብራቱን ማለቱ ነው። ከዚያ አየኝ።

በማግሥቱ እሑድ ቀበርናት። ወሰኑም መጣ፤ ከሌሎቹ ጋር ሆኖ አስከሬኗን ተሸከመ። ማንም አልከለከለውም። ለቅሶ ቤት ግን ገብቶ ለመቀመጥ አልደፈረም፤ ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ዳር ውጭ ቆመ። በኋላ ጄኔሬተሩን በመቀያየሪያ እንዲያገናኝለት ዋቅቶላን በሽማግሌ ጠየቀው። ዋቅቶላ ሄዶ ሠራለት። ለመሥሪያ ቤቱም ሁለተኛ ማሰሪያ ተገዛ። የመታጠፊያው ባሕር ዛፎች ከሽቦው ግራና ቀኝ ተቆረጡ። አሁን በእኛ ሰፈር መብራት ከበፊቱ ያነሰ ይጠፋል።

ሰው ሐሜቱን ሲያወራ ዋቅቶላ አልተከላከለም። እሱ ራሱ ያወሩትን የሚያምን መሰለኝ። ሲሊንደሩ ሦስት ሰዓት እንደሚበቃ አስቦ ነው ያን ያህል የቆየው፤ እንግዲያው እናቱ ለምን እንደሞተች አልገባውም፤ ማሽኑም ሲሊንደሩም የማያድናት ሰዓቷ ደርሶ ነው ብሎ ሊቀበል ይሞክራል፤ ደግሞ አይቀበለውም። አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ወር አለፈ።

በመስከረም መጨረሻ ሲሊንደሩን ሊመልስ መጣ። ብድግ አደረገው። ባዶውና ሙሉው በክብደት ብዙ አይለያዩም፤ እሱ ግን መለኪያውን አየ፤ ባዶ ነው።

«ቅዳሜ ለት ነው ያለቀው?»

«አይደለም» አልኩት። «ዓርብ ነው።»

ሲሊንደሩን መሬት አስቀመጠው። እኔም ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ እጇን ማወዛወዟን፣ «ከሰማ ይወጣል» ማለቷን፣ ስልኩን ሁለቴ ማንሣቴን።

«ብትነግረኝ ኖሮ እወጣ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ጄኔሬተሩ ሲነሣ ላይ እሆን ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ለቅዳሜው የሚወቅሰኝ መስሎኝ ነበር። አልወቀሰኝም።

«ዓርብ ማታስ?» አለኝ። «ዓርብ ማታ እዚህ ነበርኩ። ያን ሌሊት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ነበር፤ ሾፌሩን አውቀዋለሁ። ለምን አልነገርከኝም?»

ያለኝ የሆነው ነገር ብቻ ነው። ልነግረው አስቤ ነበር። ወንበሩ ላይ ተኝቷል። ሲንቄ «አትቀስቅሰው፣ ደክሞታል» አለች። ቦት ጫማውን አወለቅኩለት፤ ካልሲው ረጥቦ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ጠዋት ስነሣ ወደ ሥራ ሄዷል፤ መብራትም ስለነበረ ነገሩን አላጣደፍኩትም። ይህንኑ ነገርኩት።

ባኮ ልዛወር ብሎ አመልክቶ ተፈቀደለት፤ ከኅዳር ጀምሮ እዚያ ነው። ፖል ላይ ይወጣል፤ ማሰሪያም አለው። በየማታው ይደውላል። ከሰላምታ በፊት «አባ፣ መብራት አለ?» ይለኛል። በዚህ ቤት ቢኖርም ባይኖርም የሚቸገር ሰው አሁን የለም። እሱ ግን ይጠይቃል። ካለ አለ፣ ከጠፋም ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደጠፋ፣ በደቂቃው እነግረዋለሁ።